ስርየት የነፈጋት ካህን

ልብስ ሰፊዋ ያን ቅዳሜ ከኑዛዜው ሳጥን ወጥታ ስትሄድ፣ የምትወደው ሰው እንደ ተጸየፋት ቅንጣት አልተጠራጠረችም። ነገሩ ሁሉ ፍርጥ ካለ በኋላ ግን ይህን ማመኗ ከኃጢአቷ ይልቅ ያሳፍራት ጀመር፤ በዚያ ግቢ ከሰው ካገኘችው ክብር ሁሉ ትልቁን እንደ ስድብ ቆጥራ ወራት ሙሉ አልቅሳበታለችና።

ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዕቃ ቤቱ ጋር በጠባብ በር የሚገናኝ አንድ ክፍል አለ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ አንድ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በርጥበት የተላጠ ነው። በመስኮቱ ሥር በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ መሃሉ ላይ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በአንደኛው ግድግዳ ርዝመት ደግሞ የቅዳሴ ልብሶች የሚሰቀሉበት ቁም ሣጥን ቆሟል። አረንጓዴው ለአዘቦቱ ሳምንታት፣ ሐምራዊው ለንስሐ ወቅት፣ ቀዩ ለሰማዕታት፣ ነጩ ለታላላቅ በዓላት ይለበሳል። ሰፊዋ የወራትን መፈራረቅ ያወቀችው በእነዚህ ቀለሞች ነበር። እናቷ የሞተች ጊዜ አክስቷ ወደዚህ ግቢ አመጣቻት፤ መርፌ መያዝ አስተማረቻት፤ ቀስ በቀስም ክፍሉን ለቀቀችላት። አክስቷ ራሷ የካህናቱን ቤት ታስተዳድር ነበር። ታበስላለች፣ ትተኩሳለች፤ ማን ገብቶ እንደሚቀመጥና ማን ከደጅ እንደሚመለስ የምትወስነውም እሷ ናት።

በቁምስናው፣ ማለት በደብሩ፣ ሁለት ካህናት ነበሩ፤ እንደ ሥርዓታቸው ሁለቱም ሳያገቡ የሚኖሩ። ምእመናኑ አንዱን «ትልቁ አባ»፣ ሌላውን «ትንሹ አባ» ይሏቸዋል። ይህ አጠራር በማዕረግና በዕድሜ እንጂ በቁመት አይደለም፤ ትንሹ አባ ከትልቁ በአንድ ራስ ይበልጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያየ እንግዳ ሁልጊዜ ስሙን ገልብጦ ይጠራል። ትልቁ አባ ድምፀ መልካም ናቸው። ሲሰብኩ ከኋላ ያሉት አሮጊቶች ሳይቀሩ አንገታቸውን ያቀናሉ። የሚሰብኩትም፣ ርእሱ ከየትም ይነሣ ከየት፣ መጨረሻው ሥጋ ላይ ነው፤ ስለ ዓይን ምኞት፣ ስለ ድብቅ አልጋ፣ ስለ ረከሰ ገላ። ከመድረኩ ሲወርዱ ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው፤ ይቀልዳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ሰፊዋ እንደ አባት ታያቸው ነበር፤ ሌላ አባት አታውቅም።

ትንሹ አባ ወደዚህ ቁምስና ተመድቦ የመጣ ጊዜ ነጭ የቅዳሴ ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቶበት ነበር። ሊያስረዝም መጣ። ሰፊዋ በርጩማ ላይ አቁማ ስትለካው ጣሪያውን እያየ ይቅርታ ይጠይቃት ጀመር፤ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ጫማው ጭቃ፣ ጊዜዋን ስለ መውሰዱ። «አባ፣ እኔ የምለካው ልብሱን ነው፤ እርስዎ ዝም ብለው ይቁሙ» አለችው። ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ልብስ ሳይቀደድበትም ይመጣ ነበር። እሷ እየሰፋች እሱ ያነብላታል። ከሁሉ የወደደችው ስለ ወፎች ፍልሰት የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ አህጉር አቋርጠው ሄደው ያንኑ ዛፍ ፈልገው ስለሚመለሱ ወፎች። አንድ ቀን መኪናዋን አቁማ፣ እነዚህንም ጳጳሱ ነው እንዴ የሚያዛውራቸው ብላ ጠየቀችው። ሳቀ። ሲስቅ የቅስና ወጉ ሁሉ ከፊቱ ተጠራርጎ ይጠፋል። በአንደበቷ «እርስዎ» ትለዋለች፤ በልቧ ከመቼ ጀምሮ «አንተ» እንዳለችው ግን ራሷም አታውቅም።

ዝናብ ግቢውን ባዶ ባደረገበት አንድ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉ ሳይከፈት ቀረ። በዚያ ሰዓት በመቁረጫው ጠረጴዛና በቁም ሣጥኑ መካከል የሆነውን ሁለቱም አላቀዱትም፤ ሁለቱም ደግሞ ከዚያ በፊት ለብዙ ጊዜ ከዚህ ሌላ ያሰቡት ነገር አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወጣ። ከዚያም አልመጣም።

ልብሱ ግን ይመጣ ነበር፤ በቃጭሌ እጅ። ቃጭሌ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መቺ ነው፤ ስሙ ከሥራው የተሰጠው ይመስላል እንጂ ከምላሱ ነው። «ምነው ሰፊዋ» አላት የመጀመሪያ ቀን፣ «ትንሹ አባ በእኔ መላክ ጀመሩ? መርፌሽን ነው የፈሩት?» «ያንተ እግር እንዳይዝግ አስበው ነው» አለችና ልብሱን ከእጁ ተቀበለችው። ቃጭሌ በመልሱ ረክቶ ሄደ፤ ይህንንም ለግቢው ሁሉ አወራላት።

ሰፊዋ ኃጢአት ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ያልተናዘዘ ሰው አይቆርብም። ሁልጊዜ የምትናዘዘው ለትልቁ አባ ነበር፤ ይህን ግን ለእሳቸው መናገር አባቷ ፊት ራቁቷን የመቆም ያህል ከበዳት። እንዲህ እያመነታች ሳለ ትልቁ አባ ለስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱና፣ የዚያ ቅዳሜ ኑዛዜ በትንሹ አባ ላይ ወደቀ። ሌላ ሴት ብትሆን ቤቷ ትቀመጥ ነበር። እሷ ግን የተማረችውን ትምህርት እንዳለ የምታምን ሰው ነበረች፤ በሳጥኑ ውስጥ ካህኑንና ተናዛዡን ከሚለየው ወንፊት መሳይ መስኮት ወዲያ እገሌ የሚባል ሰው የለም፣ የሚሰማው እግዚአብሔር ብቻ ነው ተብላለች። ስለዚህ ከእገሌ ጋር የሠራችውን ኃጢአት ለእገሌው መናገር ምንም ነውር ሆኖ አልታያትም። እንዲህ ያለውን ስህተት ሊሠራ የሚችለው እንደ እሷ በቤተ ክርስቲያን ጓሮ ያደገ ሰው ብቻ ነው። ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ተንበረከከች። በደንቡ መሠረት ስም ሳትጠራ፣ ከአንድ ሰው ጋር በሥጋ መውደቋን ተናገረች።

ከወንፊቱ ወዲያ ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ትንፋሹም ጠፋ። እንደ ወትሮው ጥያቄ ይከተላል፣ ምክር ይከተላል፣ በመጨረሻም ያ የምታውቀው የስርየት ቃል ይመጣል ብላ ጠበቀች። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሣ ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ሲያጉረመርሙ ሰማች።

«እኔ ልፈታሽ አልችልም» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ወደ ሌላ ካህን ሂጂ።»

ወጣች። መንገዱን እንዴት እንደ ጨረሰችው አታስታውስም። ሌባ ይፈታል፤ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ተንበርክኮ አልቅሶ ይፈታል። እሷን ብቻ አልችልም አላት። አብሯት የወደቀው ሰው ከወንፊቱ ወዲያ በንጽሕና ወንበር ላይ ተቀምጦ እሷን ለይቶ አረከሳት። የተረዳችው ይህን ነው፤ ከዚህ የተለየ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል የነገራት ሰውም አልነበረም።

የሚገርመው፣ ቁጣው ናፍቆቱን አልነካውም። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ እንዳሉ የማይነጋገሩ እህትማማቾች በልቧ ተደባልቀው ኖሩ። ነጩ ቀሚስ ለእጥበትና ለጥገና ሲመጣላት በላዩ ላይ ሳምንቱን ታነብበት ጀመር። በቀኝ እጅጌው ላይ ሰም ከፈሰሰ የምሽቱን ጸሎት የመራው እሱ ነው፤ ቡናማ ወረቀት ታነጥፍና በሞቀ ካውያ ሰሙን ታስመጥጣለች። ክርኑ በጠመኔ ከነጣ ልጆቹን ሲያስተምር ውሏል። ጫፉ ላይ ጭቃ ካለ ሰው ቀብሮ ተመልሷል፤ ያን ጊዜ ማን እንደ ሞተ ሳይሆን እሱ ብርድ መትቶት እንደ ሆነ ነው የምትጨነቀው። አንገትጌው ላይ ያለውን የላብ ምልክት ለማጠብ ግን ትዘገይ ነበር። ሌላውን ሁሉ አጥባ፣ አንገትጌውን ከውኃው በላይ ይዛ ትቆያለች።

በእሑድ ቅዳሴ ሰው ሁሉ ለቁርባን ሲነሣ እሷ ከወንበሯ አትነሣም። ይህን ያየችው አክስቷ ነበረች። ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጡ ሳለ፣ ቀና ሳትል፣ ሰው እያየሽ ነው አለቻት። የያዘሽን ነገር አልጠይቅሽም፤ እኔን አያገባኝም፤ ግን ትልቁ አባ ጋ ሄደሽ ተናዘዢና ተገላገዪ፤ እሳቸው እንደ ሆኑ ሰው አያስጨንቁም፣ እኔ ስንት ዘመን አውቃቸዋለሁ። የአክስቷ ምክር ከአንደበቷ ሲወጣ እንደ ትእዛዝ ነው። ሰፊዋ ሄደች።

ትልቁ አባ በእርጋታ ሰሟት። አልተቆጡም፣ አልዘለፉም። ከማን ጋር እንደ ሆነ ጠየቋት፤ ይህን መጠየቅ ባይገባቸውም። ስም አልጠራችም። ለምን ይህን ያህል ጊዜ ዘገየሽ ሲሏት ግን በውስጧ የተጠራቀመው ምሬት አምልጧት ወጣ፤ መዘግየቷ በእሷ እንዳልሆነ፣ ትንሹ አባ ጋ ቀርባ እንደ ነበር፣ እሱ ግን ልፈታሽ አልችልም ብሎ እንደ መለሳት ነገረቻቸው። «እንዲያ አለሽ?» አሉ ትልቁ አባ፤ በድምፃቸው ውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር ነበረ። ከዚያ ቀላል ንስሐ ሰጥተው ፈቷት።

በሳምንቱ ትንሹ አባ ተራራ ማዶ ወዳለ ሩቅ ሚስዮን ሊዛወር ነው የሚል ወሬ በግቢው ተነዛ። ቃጭሌ ደወሉን ከመምታቱ በፊት ወሬውን ለሦስት ቤት አድርሶ ነበር። እሑድም ትልቁ አባ ስለ ድብቅ አልጋ ሰበኩ። ሰፊዋ ከወንበሯ ሆና ስትሰማ፣ እጇ መቀስ እንደ ያዘ ሰው እጅ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። እሱ ቢጸየፋትም እንኳ እዚሁ ግቢ እየኖረ ይጸየፋት። ኮቴው ከደጅ ይሰማ፣ ልብሱ ይምጣ። ከሕይወት የጠየቀችው እዚህ ድረስ ወርዶ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ትልቁ አባ ሐምራዊውን ካባ በክንዳቸው ይዘው ወደ ስፌት ክፍሉ መጡ። ገበሩ ተተርትሯል አሉ። ሰፊዋ ተቀብላ ስታገላብጠው የተተረተረ ነገር አላገኘችም። በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ወሬያቸው ከሩቅ ጀመረ። አክስቷ እያረጀች እንደ ሆነ፣ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ የካህናቱ ቤት ሌላ ሴት እንደሚያስፈልገው አነሡ። ከጓሮ በኩል ያለው ክፍል ሰፊ ነው፤ ለብቻው በር አለው። እሷ ኃላፊነቱን ብትረከብ ትንሹ አባም የሚሄድበት ምክንያት ላይኖር ይችላል፤ እሳቸው ለጳጳሱ አንድ ቃል ከተናገሩ ዝውውሩ ይቀራል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው የመድረኩ ድምፅ አልነበረም፤ ልጁን የሚድር አባት ድምፅ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰው ደካማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ካወቀች ስንት ዘመኗ። ድካምን ትሸከማለች። የማትሸከመው ወሬን ነው።»

ሰፊዋ ካባውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህን ማን ነገረዎት?» አለች።

«ሰው ያወራላ።»

«ሰው አያውቅም። የተናገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ለእርስዎም ስም አልጠራሁም።»

ትልቁ አባ እጅጌያቸውን አስተካከሉ። በኑዛዜ የሰማሁትን እኔ አላውቅም፤ ከዚያ ወንበር ስነሣ ከእኔ ጋር አይነሣም አሉ፤ ሕጉን ቃል በቃል ነበር የተናገሩት። ከዚያ እስከ ዓርብ አስቢበት ብለው ወጡ።

አሰበችበት፤ ማሰብ ከተባለ። በእውነቱ ያየችው ነበር። ጠዋት ሲነሣ በሩ ሲከፈት ትሰማለች። ሸሚዙን ትተኩሳለች። እራቱን ስታቀርብ እጁ እጇን ይነካል፤ ሰው ካለ አይነካም። የሚነበበው መጽሐፍ ከቆመበት ይቀጥላል። እሑድ እሱ መሠዊያው ላይ፣ እሷ ከአምዱ ጀርባ። ሌላ ሴት ከዚህ የተሻለ ምን አላት? ባሏን ይህን ያህል የምታየው ስንቷ ናት? የጎደለው ስም ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ አይበላም፣ አይለበስም። እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነችና፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከትምህርት ሲለቀቁ ጠብቃ ወደ መማሪያ ክፍሉ ሄደች።

ትንሹ አባ ጥቁር ሰሌዳውን እያጸዳ ነበር። ሲያያት ማጥፊያውን እንደ ያዘ ቀረ። ከስቷል። ቀሚሱን ስታጥበው ይህን አልነገራትም፤ ልብስ የገላን ጉድለት ይሸፍናል። በሩን ክፍት ተወችው፤ ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ያባርራሉ።

ትልቁ አባ ያሏትን ሁሉ ነገረችው። አይሂዱ፣ ይቀራል ብለዋል፣ እኔ እሺ ልላቸው ነው አለችው።

«አንቺ እንደዚያ መኖር ትፈልጊያለሽ?» አለ።

«እኔ የምፈልገው እርስዎን ነው። አኗኗሩን አልመረጥኩም።» ከዚያ፣ ልትናገረው ያላሰበችው ወጣ። «እርስዎ እንደ ሆኑ አልፈለጉኝም። ያን ቀን እንደ ውሻ አባረሩኝ። ሁሉን የሚፈቱ ሰው እኔን አልችልም አሉኝ።»

ማጥፊያውን አስቀመጠ። ገጽታው የማያውቀውን ቋንቋ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነ። ቀስ እያለ፣ እንዲህ ነው እንዴ የተረዳሽው ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ልጆቹን እንደሚያስተምር ሁሉ በአጭር በአጭሩ አስረዳት። አንድ ካህን በዚያ ኃጢአት አብራው የወደቀችውን ሴት መፍታት አይችልም፤ ሕግ ነው። ደፍሮ ቢፈታም ስርየቱ ስርየት አይደለም፤ ቃሉ አየር ላይ ይቀራል፤ ካህኑም ራሱ በዚያው ቅጽበት ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ይሆናል። ማንኛውም ካህን ከመሾሙ በፊት ይህን ይማራል። ምእመን ግን ለካ አይነገረውም፤ እሱ ይህን አላሰበም ነበር።

«‹አልችልም› ስልሽ ‹ያ ሰው እኔ ነኝ› ማለቴ ነበር» አለ። «ብፈታሽ ኖሮ ያን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ነበር እንደ ማለት ነው። ልክድሽ አልቻልኩም። የምታውቂው መስሎኝ፣ እየጠበቅኩሽ ነበር።»

ሰፊዋ በልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ከደረቷ ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ማዶና ማዶ፣ አንዱ ተባረርኩ ብሎ ሲያለቅስ ሌላው ነገርኳት ብሎ መልስ ሲጠብቅ ከርመዋል።

ትልቁ አባ እንዴት እንዳወቁ አሁን ለሁለቱም ግልጽ ሆነ። ለእሳቸው «ልፈታሽ አልችልም አለኝ» ማለት ስም ከመጥራት አያንስም ነበር። በማላውቀው ሕግ አሳልፌ ሰጠሁዎት አለችው። እሱ ግን ራሱን ነበር የሚወቅሰው። ዝውውሩን እሺ ያለው ቅዱስ ስለ ሆነ አልነበረም፤ መላክ ከመውጣት ስለሚቀልል ነው። ላኩኝ ይላል እንጂ ሄድኩ አይልም። ስትመጪ ዕቃዬን እያሰርኩ ነበር፣ ፈሪ ነኝ አላት። ከዚያ ወደ ጳጳሱ ሄዶ እውነቱን በአፉ መናገርና ከክህነቱ እንዲለቁትና ማግባት እንዲፈቅዱለት መጠየቅ እንዳለበት፣ ይህን ካወቀ ወራት እንዳለፈው ነገራት። ፈቃዱ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ባልና ሚስት መኖር አይችሉም። የጓሮው ክፍል ግን ነገ ሊገቡበት ይችላሉ። ምረጪ አላላትም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠላት።

«እስከ ነገ ይስጡኝ» አለች። ልትወጣ ስትል እጁን ያዘችው፤ በተከፈተ በር፣ በጠራራ ፀሐይ። ጠመኔው መዳፏ ላይ ቀረ።

አክስቷ የመሠዊያውን ጨርቅ እየተኮሰች ነበር። ሰፊዋ ሁሉን ነገረቻት፤ የማንንም ስም ሳትደብቅ። አክስቷ አልደነገጠችም፣ ካውያዋንም አላቆመችም። ጠርጥሬ ነበር አለች። ትልቁ አባ ያሉሽ መልካም ነው፤ ቤት አለ፣ እንጀራ አለ፣ ሰውየው አለ። ወደ ጳጳሱ ሄዶ መዋረድ የልጅ ነገር ነው፤ ያ ረጅሙ ልጅ መጽሐፍ አብዝቶ ነው አለች። ድምፅ ሳያሰሙ መኖር እንዴት እንደሚቻል እኔ አሳይሻለሁ ማለትም ጀመረች። ሰፊዋ መሃል ላይ፣ ክርክሩን ለማሸነፍ ሳይሆን ደስታዋን መያዝ አቅቷት፣ ለካ አልተጸየፈኝም አለቻት፤ ለካ ሕጉ ነው፤ ካህን አብራው የወደቀችውን ሴት መፍታት አይችልም፣ ቢፈታትም አልተፈታችም።

ካውያው ቆመ።

«ማን አለ?»

«ትንሹ አባ።»

«አንቺን ለማባበል ነዋ።»

«ሁሉም ይማሩታል፤ ሳይማሩ አይሾሙም አለኝ።»

ካውያው በጨርቁ ላይ እንዳለ ጭስ ወጣ፤ ሰፊዋ ዘላ አነሣችው። በነጩ ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል። አክስቷ ምልክቱን አላየችውም፤ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያየቻቸው ነበር። እነዚያ እጆች ከልጅነት ጀምረው የአንድን ሰው ልብስ ያጠቡ፣ የአንድን ሰው ምግብ የሠሩ እጆች ናቸው።

«ሴቲቱ ባታውቅስ?» አለች። «እሷ ከልቧ ተጸጽታ እየተናዘዘች፣ ሕጉን ባታውቅስ?»

«እግዚአብሔር እሷን ያውቃታል» አለች ሰፊዋ። ይህን ስትል፣ ማንን እያጽናናች እንደ ሆነ ገና እየገባት ነበር።

«በየሳምንቱ ነበር» አለች አክስቷ። «ዓርብ ዓርብ። አልቅሼ እነግረዋለሁ። ይፈታኛል። ድምፁ እንኳ አይሰበርም።»

በሕይወቷ ሙሉ «እሳቸው» ያለቻቸውን ሰው በአንድ ትንፋሽ «እሱ» አለችው፤ ሰፊዋም ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። ከኋላዋ ሄዳ አቀፈቻት። አክስቷ አላለቀሰችም። ዘመን ሙሉ የታጠበች መስሏት የኖረችበት ውኃ ውኃ እንዳልነበረ እያሰበች ቆማለች። እሱ ያውቅ ነበር፤ በየዓርቡ እያወቀ። እኔ ከመጥፎ ሰው ጋር ነበርኩ ብዬ አላዝንም አለች በኋላ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥታ፤ እወደው ነበር፣ አሁንም አልጠላሁትም። ነፍሴን ግን ለጸጥታው ሲል ሸጣት። አንቺ ወደዚያ ክፍል አትገቢም።

ሰፊዋም ከዚያ በፊት ወስና ነበር፤ ምናልባት ጠመኔው መዳፏ ላይ ሲቀር። የጓሮውን ክፍል አሁን ስታየው በውስጡ ያለው ሰው እሱ አልነበረም። በየሳምንቱ የሚፈታት፣ ድምፁ የማይሰበር ሌላ ሰው ነበር። እሷ የናፈቀችው ልክድሽ አልቻልኩም ያላትን ነው፤ ያ ሰው ከጓሮ በር ገብቶ ቢኖር እያደር ያን ሰው መሆኑ ይቀራል። እሱን ለማግኘት እሱን ማጣት አልፈለገችም።

ዓርብ ጠዋት ትልቁ አባ መልሷን ሊሰሙ ሲመጡ በስፌት ክፍሉ ያገኙት አክስቷን ነበር። ምን እንደ ተባባሉ ማንም አያውቅም። ቃጭሌ በሩ ላይ ጆሮውን ቢለጥፍም የሰማው የትልቁን አባ ድምፅ አልነበረም፤ የአንዲት ሴት ረጅም፣ ዝግ ያለ ንግግር ብቻ ነው አለ። በዚያ እሑድ ስለ ሥጋ አልተሰበከም።

አክስቷ በባቡር ወደ ማታውቀው ከተማ ሄዳ፣ ለማያውቃት ሽማግሌ ካህን ሕይወቷን ከመጀመሪያው ጀምራ ተናዘዘች። ሰፊዋና ትንሹ አባ በዚያው ዓርብ በዋናው በር ወጥተው ወደ ጳጳሱ ጽሕፈት ቤት በእግር ሄዱ፤ እሱ ገብቶ ተናገረ፤ እሷ ከውጭ በአግዳሚው ላይ፣ ሰው እያያት፣ ጠበቀችው። ከዚያ በኋላ እሱ በከተማው በአንዱ ጫፍ ተከራይቶ ልጆችን ያስተምር ጀመር፤ እሷ በሌላው ጫፍ አንድ ክፍል ይዛ የሰው ልብስ ትሰፋ ጀመር። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስም በየእሑዱ በማያውቋቸው ሰዎች መካከል፣ በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አስቀደሱ፤ ጉዳያቸው ገና አልተፈታምና ለቁርባን ሳይነሡ ወደየቤታቸው ተመለሱ።